ጭላዳ፣ ቆቅና አሳ በአንድ ቀን፦ የጀማውን ጉዞ ሄጄ አየሁት

ጭላዳውን እስኪበቃን አየን። አሳም ያዝን፤ አንድ፣ ያውም መዳፌን የምታህል። ቆቁን ግን አላየንም፣ ድምፁንም አልሰማንም። ውጤቱ ይኸው ነው፤ የቸኮለ ሰው እዚህ ላይ ሊያቆም ይችላል። ብር ከፍላችሁ ለመሄድ ያሰባችሁ ግን ትንሽ ታገሱኝ። ጉዞው መጥፎ አልነበረም፤ የተበላሸው ሰዓቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ አስጎብኚ ድርጅት፣ ስሙ ይቅርና፣ ሰሜን ሸዋ ወስጄ በአንድ ቀን ሦስት ነገር "አሳድኜ" እመልሳችኋለሁ ይላል፦ ትልቅ እንስሳ፣ ወፍና አሳ። ጠመንጃ የለም። እንስሳውና ወፉ የሚታደኑት በካሜራና በባይኖኩላር ነው፣ አሳው ብቻ በመንጠቆ። ዋጋው ምሳን ጨምሮ በሰው 6,500 ብር።

ሐሳቡ የተቀዳው ከስኮትላንድ ነው። እዚያ ማክናብ የሚሉት የአዳኞች ፈተና አለ። ከንጋት እስከ ምሽት ባለው ጊዜ አንድ ወንድ ቀይ አጋዘን፣ ሁለት ግራውስ (የቆቅ ዘመድ የሆነ የቆላ ሳይሆን የደጋ ወፍ ነው) እና አንድ ሳልሞን አሳ። አንዱ ከጎደለ ሌላው አይቆጠርም። በዓመት ውስጥ የሚሞከርበት ጊዜም አጭር ነው፣ ግራውስ መተኮስ የሚጀመረው በእኛ ነሐሴ 6 ቀን ነው፣ የሳልሞን ወንዞች ደግሞ መኸሩ ሳይገባደድ መዘጋት ይጀምራሉ። እኛ አገር "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም" ይባላል፣ እነሱ ሦስት ዛፍ ላይ ነው የሚወጡት።

አብረውኝ የሄዱት አጎቴ ናቸው። መንዝ ነው ያደጉት፣ በወጣትነታቸው ምንሽር ይዘው ዳኩላ ያሳደዱ ሰው ናቸው። "አደን ነው" ብዬ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። ካሜራ መሆኑን ስነግራቸው "ያለ ጠመንጃ ምን አደን አለ? ሽርሽር በለው እንጂ" አሉኝ። እኔም አስረዳኋቸው፦ ዛሬ አደን ያለ ፈቃድ ወንጀል ነው፣ ፈቃዱም የሚሰጠው በተከለለ ቦታ፣ ለተወሰነ እንስሳ፣ በቁጥር ነው። ዝም ብለው ሰሙኝና "እና ምሳ አለው?" አሉ። በዚህ ተስማማን።

መነሻው ሌሊት 10 ሰዓት ተብሎ 11፡20 ተነሳን። ላንድክሩዘር ይመጣል የተባለው ሚኒባስ ሆኖ መጣ። ስድስት ሰው ነበርን፣ ለሚኒባስ ጠባብ አይደለም፤ ግን ከለሚ በኋላ ያለውን ቁልቁለት ስታዩ ለምን ላንድክሩዘር እንደተባለ ይገባችኋል። መንገዱ በሱሉልታ፣ በጫንጮ አድርጎ ሙከጡሪ ላይ ከጎጃም መንገድ ይገነጠላል፣ ከዚያ ወደ ለሚ። ጤፉ ቢጫ ሆኖ፣ አንዳንዱም ታጭዶ ተከምሮ ነበር። ኅዳር መጨረሻ ነው፣ የነቢያት ጾም ገብቷል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ከለሚ አልፎ ሜዳው ድንገት ያልቃል። በእውነት ነው የምላችሁ፣ እርሻው እርሻው እርሻው ይልና ገደል። ከታች ጀማ ወንዝ እንደ ክር ይታያል፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል። ጭላዳዎቹ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበሩ።

እዚህ ላይ ለድርጅቱ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ። ሌሊት ገደሉ ግድግዳ ላይ ያድራሉ፣ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ስንደርስ 2፡30 ነበርና ሁሉም ወጥተው ሣር ይግጣሉ። መጋጥ ስል ቃሌን ላስተካክል፣ እንደ በግ በአፍ አይደለም፤ ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሣሩን እየነጩ ወደ አፋቸው ይከታሉ፣ ያለው ሲያልቅ ሳይነሱ በመቀመጫቸው ትንሽ ፈቀቅ ይላሉ። መቶ ያህል ሆነው ሲነጩ ከሩቅ የአጨዳ ድምፅ ይመስላል። ወንዱ ጎፈሩ ነፋስ ሲያበጥረው፣ ደረቱ ላይ ያ ቀይ ሥጋ ሲታይ፣ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ሲያሳይ... ካሜራ ያልያዘው ይቆጨዋል። ከኢትዮጵያ ውጪ በዱር የትም የለም።

አጎቴ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። ደክሟቸው መስሎኝ ስጠጋ "ልጅ ሆነን ገብስ ስንጠብቅ ወንጭፍ ይዘን ማማ ላይ እንውል ነበር" አሉኝ። "እነዚህ ሲመጡ ጠላት መጣ ነበር የምንለው። ድንጋይ ወርውሬባቸዋለሁ፣ እንዲህ ቁጭ ብዬ ግን አይቻቸው አላውቅም።" ከዚያ ቀን ሙሉ ስለ ምንሽር አላነሱም።

እዚያው አጥንት ሰባሪው አሞራ ከበላያችን ሁለቴ ዞረ፣ ያ አጥንቱን ከላይ ለቆ ድንጋይ ላይ የሚሰብረው። ወፍራም ምንቃር ያለው፣ ማጅራቱ ነጭ የሆነው ቁራም ምሳችንን ሊቀማን ትንሽ ቀረው።

ይህን ሁሉ ያሳየን የድርጅቱ አስጎብኚ አይደለም። እሱ ከአዲስ አበባ ነው የመጣው፣ የሚናገረውን ከስልኩ ላይ ያነባል። ያሳየን ለሚ ላይ የተሳፈረ የመርሐቤቴ ልጅ ነው፣ ለድርጅቱ በቀን የሚሠራ። የትኛው ወንድ የየትኛው ቤተሰብ አለቃ እንደሆነ ያውቃል። አጎቴን "አባቴ፣ ይሄን ድንጋይ ይርገጡ፣ ያኛው ይንሸራተታል" እያለ እጃቸውን ይዞ ነው ያወረዳቸው። ከ6,500 ብሩ ለእሱ ስንት እንደሚደርሰው ጠየቅኩት። አልነግራችሁም፣ ያናድዳል።

እንግዲህ ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጭላዳው ጋር እስከ 4፡30 ቆየን። ከዚያ ቁልቁለቱን ወረድን፤ ጃኬት፣ ከዚያ ሹራብ፣ ከዚያ እጀ ጉርድ ብቻ። ሸለቆው ቆላ ነው፣ ማሽላ በማሽላ። ወንዙ ጋ ስንደርስ እኩለ ቀን ሆኗል። እኩለ ቀን ላይ ቆቅ የሚፈልግ ማን ነው?

ስለዚህ ቆቅ ትንሽ ልናገር፣ እኔ ለጉዞው የከፈልኩት በዋናነት ለእሱ ነውና። ሐርዉድ ቆቅ ይባላል። በዓለም ላይ የሚገኘው በጀማ ሸለቆና በአካባቢው ባሉ የዓባይ ገባሮች ሸለቆ ብቻ ነው። በ1899 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቁት ዌልድ ብላንደልና ሎርድ ሎቫት የተባሉ ተጓዦች ናቸው፣ ሎቫት ደግሞ ስኮትላንዳዊ ነው። ማክናብን ወደ ሰሜን ሸዋ ያመጣ ድርጅት ይህን አንዲት ቃል አላነሳትም፣ ስልኩ ላይ አልተጻፈችም መሰለኝ። ወፉ እንደማንኛውም ቆቅ ነው ጠባዩ። ጎህ ሲቀድ ይጮሃል፣ ከማሽላው ዳር ወጥቶ ይለቅማል፣ ፀሐይ ሲበረታ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል፣ ማታ 11 ሰዓት አካባቢ እንደገና ይወጣል። በመሀል ብትሞት አታየውም።

የመርሐቤቴው ልጅ ቀስ ብሎ "እዚህ 12 ሰዓት ላይ ብትደርሱ ኖሮ ከመኪናው ሳትወርዱ ትሰሙት ነበር" አለኝ። ለድርጅቱ ነግሯቸው እንደሆነ ጠየቅኩት። "ሁለት ዓመት ነገርኳቸው" አለ።

የአዲስ አበባው አስጎብኚ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቁጥቋጦ ውስጥ የሆነ ነገር ሲሮጥ አይቶ "ያውላችሁ! ቆቁ!" ብሎ ጮኸ። ሁላችንም ባይኖኩላር አነሳን። ነጠብጣቧ ከሩቅ ይቆጠራል። አጎቴ ባይኖኩላር እንኳ አላነሱም፣ "ልጄ፣ ጅግራን ለእኔ?" አሉት። ሚኒባሱ ውስጥ እስክንመለስ ሳቅን፣ እሱም አብሮ ሳቀ፣ ለዚህ አከብረዋለሁ።

ምሳው ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ነበር፣ ከለሚ በሳፋ ተጭኖ የመጣ፣ ቀዝቅዞ። እንጀራው ጥሩ ነው። አለፍኩ።

አሳው። ለስድስት ሰው ሁለት የማጥመጃ ዘንግ፣ አንደኛው ክሩ ተተብትቦ የማይሽከረከር። የቀረውን አንዱን በየተራ አሥር አሥር ደቂቃ። ጀማ ውስጥ አሳ ሞልቷል፣ አምባዛ አለ፣ ቢልጫ አለ፣ ነገር ግን አምባዛ ፀሐይ ላይ ወጥቶ መንጠቆ የሚውጥ የዋህ አይደለም፣ የእሱ ሰዓት ማታና ሌሊት ነው። ከእኛ 50 ሜትር ራቅ ብለው ሁለት እረኞች ዱላ ላይ የታሰረ ክርና ትል ይዘው ዛፍ ጥላ ሥር፣ ውሃው ጠለቅ ያለበት ቦታ ላይ ቁጭ ብለዋል። እነሱ አራት ይዘዋል፣ እኛ ምንም። በመጨረሻ የመርሐቤቴው ልጅ ሄዶ ከእረኞቹ ትል ለምኖ፣ እዚያው ጥላው ሥር አስቀመጠን። አጎቴ ተራቸው ደርሶ ያቺን መዳፍ የምታህል ቢልጫ አወጡ። ጾም ነውና ለመብላት አላሰቡም፤ በጾም አሳ የሚበላ አለ፣ የማይበላ አለ፣ እሳቸው የማይበሉት ወገን ናቸው። ለእረኞቹ ሰጧት። እረኞቹ አይተዋት ተያዩ። ትንሽ ነበረች።

9 ሰዓት ላይ "እንሂድ" ተባልን። ሹፌሩ ያንን ዳገት ጨለማ ሳይይዘው መውጣት ይፈልጋል፣ ልክ ነው፣ አልከራከርም። ግን አስቡት፣ አሳው መብላት የሚጀምርበትና ቆቁ የሚወጣበት ሰዓት ሲቃረብ ነው ጥለን የሄድነው።

የእኔ ቅሬታ እንግዲህ ይቺ ናት። ሦስቱን በአንድ ቀን ማግኘት ይቻላል። ጭላዳ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ነው፣ 6 ሰዓት ላይ ብትመጣም ያው እየነጨ ታገኘዋለህ፣ የሰዓት ነገር የማያስጨንቀው እሱ ብቻ ነው። ቆቅና አሳ ግን የንጋትና የምሽት ናቸው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፦ ዋዜማውን ዓለም ከተማ ወይ ለሚ አድሮ፣ በንጋት ወንዙ ዳር ቆቁን ሰምቶ፣ እዚያው በጠዋቱ ቅዝቃዜ መንጠቆ ጥሎ፣ ሙቀቱ ሲጀምር ዳገቱን ወጥቶ ከሰዓቱን ከጭላዳ ጋር መዋል። ስኮትላንዶቹም ከሦስቱ ሳልሞኑ እንደሚያስቸግር ስለሚያውቁ ብዙዎቹ ማለዳ ወንዝ ላይ ነው የሚጀምሩት። የእኛዎቹ ስሙን ቀድተው ብልሃቱን ረሱት። የአልጋ ወጪ ይጨምራል፣ አዎ። እኔ በደስታ እከፍላለሁ።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ክረምት አትሞክሩት፣ ጀማ ሞልቶ ደፍርሶ ነው የሚወርደው። ከጥቅምት መጨረሻ በኋላ ጥሩ ነው። ሁለት ዓይነት ልብስ ያዙ፣ የደጋና የቆላ። ጫማችሁ የማያንሸራትት ይሁን። ዘንግ ካላችሁ የራሳችሁን ያዙ። ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን እዚያው ካለ ሰው ጠይቁ፣ ከአዲስ አበባ ቢሮ አይደለም። ደግሞ ወደ ወንዙ ዘላችሁ አትግቡ፣ ልጁ ለእኛ የከለከለን በምክንያት ነው።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ለጭላዳው ጠዋት ከ10 ዘጠኝ፣ ለመርሐቤቴው ልጅ 10፣ ለድርጅቱ አራት። አራቱም ለእንጀራው ነው።

አንድ የቀረኝ ነገር። አዲስ አበባ ስንደርስ ማታ 1 ሰዓት አልፎ ነበር፣ ከመውረዳችን በፊት ለእያንዳንዳችን በወፍራም ወረቀት የታተመ ሰርተፊኬት ታደለን። ሦስት ሣጥን አለው፤ እንስሳ፣ ወፍ፣ አሳ። ሦስቱም ላይ የትክክል ምልክት ቀድሞ ታትሟል። እኔ ወደ ቦርሳዬ ከተትኩት። አጎቴ ግን ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ፣ "ያልጣልኩትን ግዳይ ጣልኩ ብዬ ልፎክር?" አሉና የወፉን ምልክት ሰርዘው መለሱላቸው። የአዲስ አበባው አስጎብኚ ምን እንደሚል ጠፋው።

በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። አጎቴ ናቸው። "ያ የመርሐቤቴ ልጅ ቁጥሩን ሰጥቶህ የለም? ደውልለት። ማሽላው ሳይታጨድ እንሂድ።"