ሰፊ አንገት ወይስ ጠባብ? ክላሲክ፣ ቦክስ እና ሊድ ጊታር ለእጅ ምቾት ሲነጻጸሩ

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ጊታር ሊገዛ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን፣ ቀጥሎ የሚሰማው ድምፁን ነው። ከወር በኋላ እጁን የሚያደክመው ግን አንገቱ ነው። ከፍ ያለ ክር ዝቅ ይደረጋል፣ የሚቧጥጥ ፍሬት (አንገቱ ላይ አግድም የተተከለው ብረት) ይሞረዳል፣ የላላ መቃኛ ይለወጣል። የአንገቱ ስፋትና ውፍረት፣ የክሩ ርዝመት፣ የፍሬትቦርዱ (ፍሬቶቹ የተተከሉበት ሰሌዳ) ጉብታ ግን እንደተገዙ ይቀራሉ። ገንዘብ ሲወጣ መመዘን ያለባቸውም እነዚህ አራቱ ናቸው።

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይህን ይመስላሉ፦

ክላሲክ (ለምሳሌ ያማሃ ሲ40)፦ ስፋት ኑቱ ጋ 52 ሚሊ ሜትር፣ የክር ርዝመት 650፣ ፍሬትቦርዱ ጠፍጣፋ፣ ክሩ ናይለን።
ቦክስ (ለምሳሌ ያማሃ ኤፍ310)፦ ስፋት 43፣ ርዝመት 634፣ ፍሬትቦርዱ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ክሩ ብረት።
ሊድ (የኤሌክትሪክ ጊታር)፣ የፌንደር ስትራቶካስተር ዓይነት፦ ስፋት 42፣ ርዝመት 648፣ ራዲየስ በድሮው አሠራር 184፣ በአሁኑ ብዙውን ጊዜ 241።
ሊድ፣ የጊብሰን ሌስ ፖል ዓይነት፦ ስፋት 43፣ ርዝመት 628፣ ራዲየስ 305።
ሊድ፣ የአይባኔዝ ዊዛርድ 3 አንገት፦ ስፋት 43፣ ራዲየስ 400፣ ውፍረቱ 1ኛው ፍሬት ላይ 19 ሚሊ ሜትር ብቻ።

ኑት ክሮቹ ከመቃኛው ወርደው የሚያርፉበት፣ ጥርስ ጥርስ ያለው ትንሽ ቁራጭ ነው። የክር ርዝመትን ለማወቅ ከኑቱ እስከ 12ኛው ፍሬት ለክቶ በሁለት ማባዛት ይበቃል። ራዲየስ የፍሬትቦርዱ ጉብታ መለኪያ ነው፤ ባነሰ ቁጥር ሰሌዳው የበለጠ ይጎብጣል። ሱቅ ውስጥ ራዲየስ መለኪያ ስለማይገኝ ቀጥ ያለ አጭር ማስመሪያ ከክሮቹ ሥር አስገብቶ 1ኛው ፍሬት ላይ አግድም ማስተኛት ነው። 184 የሆነው አንገት በሁለቱም ጠርዝ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ያሳያል፣ 305ቱ ከዚያ ያነሰ፣ 400ው ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ። ጠፍጣፋው ምንም ክፍተት የለውም።

ስፋት

«ለጀማሪ ክላሲክ ግዛለት፣ ናይለኑ ጣት አያቆስልም» የሚለው ምክር ግማሹ ልክ ነው። ናይለን ለጣት ጫፍ ይለሰልሳል፤ 52 ሚሊ ሜትሩ አንገት ግን ለመዳፍና ለአውራ ጣት ከባድ ነው። በክላሲክ ላይ በሁለት ክሮች መካከል 8.7 ሚሊ ሜትር ያህል ሲኖር በ43ቱ ቦክስ ላይ 7.2 ገደማ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ትንሽ ይመስላል፤ ስድስተኛው ክር ጋ ሲደረስ ግን ልዩነቱ ከ7 ሚሊ ሜትር በላይ ሆኖ ተደምሯል። ጣቱ አጭር የሆነ ሰው እዚያ ለመድረስ የእጅ አንጓውን አብዝቶ ይሰብራል፣ ሕመሙም የሚጀምረው ከአንጓው ነው።

ጣተ ወፍራም ሰው ጋ ነገሩ ይገለበጣል። ኤ ኮርድን በ2ኛው ፍሬት ላይ ሦስት ጣት ደርድሮ ሲይዝ በ43ቱ ላይ ጣቶቹ ይጋፋሉ፣ አንዱ የጎረቤቱን ክር ነክቶ ያፍነዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ እጅ ክላሲክ ወይም 44.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቦክስ ይሻላል። በቀኝ እጅ ክሮቹን እየለያየ በጣት የሚመታ ተጫዋችም ሰፋ ያለውን ይመርጣል። በአውራ ጣቱ ከላይ አቅፎ የቤዙን ክር መያዝ የለመደ ሰው ደግሞ ክላሲክ አንገት ላይ አይደርስለትም፤ ከ42–43 አይውጣ።

ርዝመት

ከኑቱ እስከ 4ኛው ፍሬት ያለው ርቀት በ650ው ላይ 134 ሚሊ ሜትር፣ በ634ቱ 131፣ በ628ቱ 130 ገደማ ነው። የሚያስገርም ልዩነት አይደለም። ርዝመት ይበልጥ የሚሰማው በክሩ ጥብቀት ነው፤ ያው ክር በያው ቅኝት 628 ላይ ከ648ቱ ስድስት በመቶ ያህል ይላላል። ለልጅ ግን ሙሉ መጠን አይገዛም። 580 የሆነው ትንሹ ክላሲክ ያንን 134 ወደ 120 ያወርደዋል፣ የአሥር ዓመት ልጅ እጅ ያኔ ይደርሳል።

ጉብታ

እዚህ ላይ የሚጫወቱት ሙዚቃ ይወስናል። ጎበጥ ያለ ሰሌዳ ከጣት ተፈጥሯዊ እጥፋት ጋር ስለሚሄድ ኮርድ እየያዘ ለሚያጅብ፣ ለምሳሌ የመዝሙር አጃቢ፣ እጁን አያደክመውም። ጉዳቱ ክር ሲገፋ ይመጣል። ከዳር ያለ ክር ወደ መሀል ሲገፋ ወደ ሰሌዳው ከፍተኛ ቦታ ይወጣል፤ ክሩ ዝቅ ብሎ የተስተካከለ ከሆነ ፊት ለፊቱ ያለውን ፍሬት ይነካና ድምፁ ይሞታል። በ184ቱ ላይ ይህ ከ12ኛው ፍሬት በላይ ቶሎ ይታያል። መድኃኒቱ ክሩን ከፍ ማድረግ ነው፣ ያም ለጣት ሌላ ድካም ነው።

ከማሲንቆና ከክራር ወደ ጊታር የሚመጡ የጎጃም ተጫዋቾች ይህን ልብ ቢሉት ጥሩ ነው። ማሲንቆ ላይ ጣት ክሩን ነክቶ እንደፈለገ ይንሸራተታል፣ የሚያግድ ፍሬት የለም። አንቺሆዬን ወይም ባቲን በዚያ ለዛ ጊታር ላይ ለማምጣት ክር መግፋትና ማንሸራተት ግድ ነው፤ 305 እና ከዚያ በላይ የሆነ ራዲየስ፣ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ፍሬት፣ ቀጠን ያለ የብረት ክር ይህን ያቀላል። ክላሲክ ሰሌዳው ጠፍጣፋ ቢሆንም ናይለኑ ሲገፋ የድምፁ ቅጥነት እምብዛም አይጨምርም፤ ለዚህ ሥራ አይመረጥም።

ውፍረት

ቀጭን ሁሉ ምቹ ነው ማለት አይደለም። 19 ሚሊ ሜትሩ አንገት ለፈጣን ጣት ይመቻል፤ ባሬ ኮርድ (አንድ ጣት ክሮቹን አግድም ተጭኖ የሚያዝ) ለረጅም ሰዓት ሲያዝ ግን መዳፉ የሚሞላው ነገር ያጣና አውራ ጣት አብዝቶ ይጨምቃል። ትልቅ እጅ ያለው ሰው ከ21 እስከ 23 ሚሊ ሜትር፣ ጀርባው ክብ የሆነውን ይሞክር። ጀርባው ጠፍጣፋ የሆነው አውራ ጣቱን ከኋላ መሀል ላይ ለሚያስቀምጥ ነው።

አንገት ሳይበድል የሚወቀስበት ጊዜ

ሱቅ ውስጥ በባሬ የሚያዘውን ኤፍ ኮርድ ሞክሮ «አንገቱ ከባድ ነው» ብሎ የሚመልስ ብዙ ነው። ያንኑ ባሬ 3ኛው ፍሬት ላይ አውርደው ይያዙት። እዚያ ከቀለለ ጥፋቱ የኑቱ ነው፤ ጥርሶቹ በጥልቀት አልተቆረጡም። ለማረጋገጥ ክሩን በ2ኛውና በ3ኛው ፍሬት መካከል ተጭነው 1ኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት ይዩ፤ ፀጉር የሚያሳልፍ ያህል ብቻ መሆን አለበት። ከዚያ ከበለጠ ባለሙያ በቀጭን ሞረድ ያወርደዋል። ራስዎ አይሞክሩት፣ አንዴ ከጠለቀ ክሩ ይንጫጫል።

ቀጥሎ 12ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ሥር ይለኩ። ለቦክስ ከ2 እስከ 2.5፣ ለሊድ ከ1.5 እስከ 2፣ ለክላሲክ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ደህና ነው። ከ4 በላይ የሆነ ቦክስ አንገቱ በቁመቱ ጎብጦ ሊሆን ይችላል። 1ኛውንና 14ኛውን ፍሬት አንድ ላይ ተጭነው መሀል ላይ ያለው ክፍተት ከ0.3 ሚሊ ሜትር ብዙ ከበለጠ ትረስ ሮዱ (በአንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ) ይጠበቃል፣ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር ሳያልፍ። ብዙ ክላሲኮች የሚስተካከል ትረስ ሮድ ስለሌላቸው የጎበጠ ክላሲክ ርካሽም ቢሆን ይቅር። ክላሲክ ላይ የብረት ክር ማሰር ለዚህ አንዱ መንስኤ ነው፤ የናይለን ስብስብ በጥቅሉ 40 ኪሎ ገደማ ሲስብ መካከለኛ የብረት ስብስብ ከ70 በላይ ይስባል፣ ብሪጁም (ክሮቹ ጊታሩ አካል ላይ የሚታሰሩበት) ይነሣል።

ወቅትም ያታልላል። ነሐሴ ላይ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ስለሚያብጥ የአንገቱ ጠርዝ ለስላሳ ሆኖ ይገኛል፤ ጥር ሲገባ ሰሌዳው ይደርቅና የፍሬቶቹ ጫፍ ወጥቶ ጣት ይቧጥጣል። በክረምት የሚገዛ ሰው ጠርዙን በጥፍሩ እየዳበሰ ይፈትሽ። የወጣ ጫፍ ለስላሳ ሞረድ ያስተካክለዋል፣ ጊታሩን አያስመልስም።

ከአዲስ አበባ በስልክ የሚያዝዝ ገዢ ሻጩን ሦስት ፎቶ ይጠይቀው፦ ኑቱ ላይ ማስመሪያ የተቀመጠበት፣ 12ኛው ፍሬት ላይ የክሩ ከፍታ በጎን የታየበት፣ አንገቱ ከጭንቅላቱ ወደ ብሪጁ በቁመቱ የተነሣበት። ዕቃው በአውቶቡስ የሚመጣ ከሆነ የመኪና ጣሪያ ላይ አይጫን፤ የዓባይ በረሃ ፀሐይ ሙጫ ያላላል። መቃኛዎቹን አንድ ሁለት ዙር አላልቶ መላክ ይበቃል። ሲደርስ ሳይከፈት ጥቂት ሰዓት ይቆይ፣ ተቃኝቶም ሁለት ሦስት ቀን ሳያልፈው የክሩ ከፍታ አይለካ።