ባለ 450 ሊትሩ አኳሪየም ከ14 ወር በኋላ

ባሕር ዳር በትእዛዝ የተሠራ ነው፦ ርዝመቱ 150፣ ወርዱ 60፣ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር፣ መስታወቱ 12 ሚሊ። ቁመቱ 70 ይሁን ተብሎ ነበር፤ እንኳንም ቀረ። በ50 እጀታን ሰብስቦ ታቹን መንካት ይቻላል፤ በ70 ቢሆን ለወደቀች ቅጠል ሁሉ በርጩማ ላይ መውጣት ነው። ውሃው ብቻ 450 ኪሎ ስለሚመዝን መቆሚያው በ40 በ40 ቱቦላሬ ተበይዷል። በኮምፔንሳቶውና በመስታወቱ መካከል 1 ሴንቲ ሜትር ፎም አለ፤ ያለ ፎም አንዲት ጠጠር መስታወቱን ለመሰንጠቅ ትበቃለች።

ከሁሉ የካሰው ማጣሪያው ነው። ከሥር 80 በ40 በ40 የሆነ ሣጥን አለ፤ ውሃው መጀመሪያ በስፖንጅ፣ ቀጥሎ በ25 ሊትር ሬድ አሽ ያልፋል። ያው ለግንባታ የሚሸጠው ነው፤ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ የዓሣውን ቆሻሻ የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ይሰፍሩበታል። ቀይ ውሃው እስኪጠራ ማጠቡ ያሰለቻል፤ ከገባ ወዲህ ግን አልተነካም። በየ2 ሳምንቱ የሚጨመቀው ስፖንጁ ብቻ ነው፣ እሱም ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይፈጃል።

ትልቁ ስሕተት ፓምፑ የተጣራውን ውሃ ወደ ላይ የሚመልስበት ቧንቧ ነበር። አፉ ከውሃው ገጽ 10 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ተገጠመ። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆምና ውሃው በዚያው ቧንቧ ወደ ታች ይሳባል፤ 150 በ60 በ10 ማለት 90 ሊትር ነው። የታችኛው ሣጥን ባዶ ቦታ 64 ሊትር፤ ቀሪው ምንጣፍ ላይ። መፍትሔው ከገጹ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቧንቧውን በ4 ሚሊ መብሻ መብሳት ነው። ውሃው እዚያ ሲደርስ አየር ይገባና መሳቡ ይቆማል፤ የሚወርደው 18 ሊትር ብቻ ይሆናል። ቀዳዳዋን አልጌ ስለሚደፍናት በወር አንዴ በስንጥር መጎርጎር ግድ ነው። ውሃ ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭም አለ፤ አንድ ቅንጣት አሸዋ ከገባበት ግን አይገጥምም።

የመብራቱ ነገር በዚህ አያበቃም፤ ፓምፑ ሲቆም ዓሣው ኦክስጅን ያጥረዋል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻ አገር በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ዓሣውን ማሳነስና በፓወር ባንክ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ማዘጋጀት ያዋጣል።

ውሃ መቀየር፣ ብዙዎችን የሚያማርረው፣ እዚህ ቀላል ሆኗል። ሳራቺኔስካው ሲከፈት የሳምንቱ 135 ሊትር በጎማ ወደ ጓሮው ሙዝ ይሄዳል፤ ጀሪካን የለም። የሚተካው ከሮቶ ነው፣ ክዳኑ ተከፍቶ 24 ሰዓት ከቆየ በኋላ። በታኅሣሥና በጥር ጠዋት የሮቶው ውሃ እንደ በረዶ ስለሚሆን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መሙላት ይሻላል፤ ልዩነቱ ከ2 ዲግሪ ካለፈ ዓሣው ሊታመም ይችላል።

አሸዋው 3 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ከወፈረ ከሥሩ ይበሰብሳል። ድንጋይ ከመጨመር በፊት አቼቶ ጠብ ማድረግ ነው። ከደጀን በኩል የሚመጣው ነጭ ድንጋይ ይፈላል፣ ኖራው እየሟሟ ውሃውን ያጠነክራል፤ ጥቁሩ ዝም ይላል። ከጣና ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለውን ዓሣ) ማምጣትም ያምራል፤ ቆሮሶ ግን ለጎጆው አሸዋ ስለሚቆፍር ተክሉን ሁሉ ነቅሎ ያንሳፍፈዋል።