ሲንጋፖር ውስጥ፦ የመንግሥት ቤት ወይስ የግል አፓርታማ?

የግሉ አፓርታማ መዋኛ ገንዳ፣ ጂምና ጥበቃ አለው። ዋጋው ግን አይቀመስም። የውጭ ዜጋም መግዛት ይችላል፤ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን የዋጋውን 60 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ይከፍላል።

የመንግሥቱ ቤት ሌላ ታሪክ ነው። የቤቶች ልማት ቦርድ የተቋቋመው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። በዓመቱ ቡኪት ሆ ስዊ የተባለው የደሳሳ ጎጆዎች ሰፈር ተቃጠለና ወደ 16,000 ሰው ቤት አልባ ሆነ። ቦርዱ እዚያው ቦታ ላይ ፎቅ ሠራላቸው። ዛሬ ከአሥር ነዋሪ ስምንት ያህሉ በቦርዱ ቤቶች ይኖራል። ብዙው የሚከፍለው ከደሞዙ ከሚቆረጠው የግዴታ ቁጠባ ነው።

ጉድለትም አለው። ቤቱ የ99 ዓመት ሊዝ ነው። አዲስ ገዢ ቢያንስ 5 ዓመት ሳይኖርበት አይሸጥም። ከ1989 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በየሕንፃው የብሔር ኮታ አለ፤ ኮታው ከሞላ ሻጩ ለፈለገው ሰው መሸጥ አይችልም። ይሄ ከባድ ነው።

እኔ ግን የመንግሥቱን እመርጣለሁ። ቻይናው፣ ማላዩና ሕንዱ ጎረቤት ሆኖ የሚያድገው እዚያ ነው። ከፎቁ ሥር ክፍት በተተወው የመሬት ወለል ዛሬ የማላይ ሠርግ ይደገሳል፤ ሌላ ቀን እዚያው የቻይናዎች ለቅሶ ይቀመጣል። በግሉ ግቢ ይሄ የለም።