ለአዲስ አበባ ዳርቻ ቤተሰብ የትኛው የሞተር ጀልባ ይሻላል? አሉሚኒየም፣ ፋይበር፣ ላሜራ ወይስ የሚነፋ

ቱሉ ዲምቱ፣ የፍጥነት መንገዱ መግቢያ አካባቢ ለሚኖር ቤተሰብ ሐይቅ ሩቅ አይደለም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተሳቢውን ከመኪናው አያይዞ የወጣ ሰው ቢሾፍቱ ላይ ቁርሱን ይበላል፣ ቆቃ ላይ ንፋስ ሳይነሳ ጀልባውን ያወርዳል፣ ላንጋኖም ቢሆን ከምሳ በፊት ይደርሳል። እኔና ባለቤቴ ከሁለት ልጆቻችን ጋር በዚህ መንገድ ብዙ ተመላልሰናል። እስካሁን ሁለት ጀልባ ገዝተናል። የመጀመሪያውን የገዛነው ፎቶውን ወድደን ነው፤ ሁለተኛውን ግን ሐይቁን፣ መንገዱንና ግቢያችንን አይተን። ጎረቤት «የቱን ልግዛ?» ሲለኝ መልሼ የምጠይቀው «የት ትነዱታላችሁ? የት ታሳድሩታላችሁ?» ብዬ ነው።

ለቤት ቅርብ የሆነ ውሃ ሁሉ የጀልባ ውሃ አይደለም። ለገዳዲና ገፈርሳ ከተማው የሚጠጣቸው ግድቦች ስለሆኑ ለገጣፎም ሆነ ቡራዩ የሚኖር ሰው በቅርበታቸው አይጎምጅ። ከአቃቂ በታች ያለው አባ ሳሙኤል የከተማውን ፍሳሽ ይቀበላል፣ እንቦጭም ወርሮታል፤ ልጆቼን ይዤ አልገባበትም። ስለዚህ ምርጫው የቢሾፍቱ ሐይቆች፣ ቆቃ፣ ዝዋይና ላንጋኖ ናቸው። ጠባያቸው ደግሞ ለየቅል ነው። ከቢሾፍቱ ሐይቆች አንዱ የሆነው ባቦጋያ ከዳር ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጥልቀቱ እስከ 65 ሜትር ይወርዳል፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ ደግሞ እስከ 87። ዝዋይ ግን ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሰፋ፣ አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ብቻ የሆነ ውሃ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳበት ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ይሆናል፤ ትንሽ ጀልባን ያስጨንቃል። ቆቃ ላይ እንቦጩ ፕሮፔለር (ጀልባውን የሚገፋው የሞተሩ ማራገቢያ) ላይ ይጠመጠማል፣ ጉማሬና አዞም አለ። ላንጋኖ ሰፊ ነው፣ ከቀትር በኋላም ይናወጣል፤ ግን እንደ ዝዋይ ብልሃርዚያ የሚያሰጋው ስላልሆነ ልጆች ከዳር ውሃ ውስጥ ሲገቡ ልቤ አይሰጋም።

አካሉ ከምን ይሠራ?

የሚነፋውን ልጀምር፣ የመጀመሪያችን እሱ ስለነበር። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ከዚህ የተሻለ የለም፤ ተጣጥፎ መኪና ጀርባ ይገባል፣ ተሳቢ አይጠይቅም፣ ውሃ ቢሞላውም አይሰምጥም። የእኛን ግን ማታ ግቢ ውስጥ ነፍተን፣ ተሳቢ ላይ አስረን ነበር ይዘነው የሄድነው። ላንጋኖ ስንደርስ ቱቦው ልል ሆኗል። ቀዳዳ ፈልገን አጣን። ነገሩ የከፍታ ጉዳይ ነበር። ቱሉ ዲምቱ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ወደ ላንጋኖ 1,585 ሜትር ከፍታ ሲወረድ የውጭው አየር ይከብድና በ0.2 ባር የተነፋ ቱቦ ሩብ ያህል ግፊቱን ያጣል። የባሰው የመልሱ ጉዞ ነው፤ ታች በደንብ ተነፍቶ ወደ ላይ የሚመለስ ቱቦ ግፊቱ ይጨምርና የተጣበቀበትን ስፌት ያስጨንቃል። የሚነፋ የምትገዙ ከሆነ የግፊት መለኪያ አብራችሁ ግዙ፣ ውሃው ዳር ንፉት፣ ከመመለሳችሁ በፊት አስተንፍሱት። ሌላው ጠላቱ ፀሐይ ነው። ፒቪሲ የተባለው ርካሹ ጨርቅ በእኛ ፀሐይ ቶሎ ይጠነክርና ይሰነጠቃል፤ ሃይፓሎን የሚባለው ውድ ቢሆንም ፀሐይን በጣም ይችላል። ፒቪሲ የገዛ ሰው ሸራ ሳያለብስ አያሳድረው።

ላሜራ የአገራችን በያጅ ሊሠራው የሚችል ስለሆነ ብዙ ሰው ወደሱ ያዘነብላል። ርካሽ ነው፣ ቢጎዳ ዝዋይም ሆነ ሞጆ የሚበይደው አይጠፋም። ክብደቱን ግን አስሉ፦ ባለ 2 ሚሊ ላሜራ በካሬ ሜትር 15.7 ኪሎ ይመዝናል፤ የአምስት ሜትር ጀልባ አካል ብቻውን ከ200 ኪሎ ያልፋል። ያን ተሳቢ ላይ ማውጣት ለአባወራና ለእማወራ ብቻ አይሆንም። ከክብደቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ላሜራ ውሃ ከሞላ ቀጥ ብሎ ይሰምጣል። አሠሪዎች ከሆናችሁ ከመቀመጫዎቹ ሥር ዙሪያቸው የተበየደ ባዶ ሳጥን ወይም ፎም እንዲኖር ከቀብድ በፊት ተስማሙ፤ በያጁ «አያስፈልግም» ካላችሁ ሌላ በያጅ ፈልጉ። ሐይቁ ዳር የሚተማመኑበት ጠባቂ ኖሯቸው ጀልባቸውን እዚያው ለሚያሳድሩ ግን ላሜራ ጥሩ ግዢ ነው። በየዓመቱ ዝገቱን ጠርጎ አንቲረስትና ቀለም መቀባት ግድ ይላል።

ፋይበር፣ ማለትም ከብርጭቆ ክርና ሙጫ የሚሠራው፣ ሲነዱት ከሁሉም ይመቻል። ከብዶ ውሃውን ስለሚቆርጥ ማዕበል ላይ አያንገጫግጭም። ነገር ግን የእኛ ሐይቆች ዳር የተሠራ ማውረጃ በብዛት የላቸውም፤ ጀልባው ጠጠርና ድንጋይ ላይ ይጎተታል። ፋይበር ደግሞ መፋቅን አይወድም፣ ጭረቱ ከጠለቀ ውሃ ያስገባል። ሪዞርት ጋር ተስማምቶ ምሰሶ ላይ ለሚያስር ሰው ይሁን።

እኛ በመጨረሻ የያዝነው አሉሚኒየም ነው፣ 4.3 ሜትር። አካሉ 120 ኪሎ ግድም ስለሆነ ሞተሩ ከወረደ ሁለት ጎልማሳና አንድ የሐይቅ ዳር ልጅ ያነሡታል። ድንጋይ ቢነካው ይጎደጎዳል እንጂ አይሰነጠቅም። ድካሙ ሁለት ነው፦ ማዕበል ላይ ይንቀጠቀጣል፣ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ውስጥ ያለውን ሶዳ የሚባል ጨውም አይወድም። ላንጋኖና የቢሾፍቱ ሐይቆች ሶዳ ስላለባቸው ቀለሙ የተላጠ አሉሚኒየም ቀስ በቀስ ይበላል። ቤት ስትመለሱ በቧንቧ ውሃ እጠቡት፤ የሞተሩንም ውስጥ እንዲሁ።

ሞተሩ፦ ከፍታው የሚወስደውን አስቡ

ሻጭ የሚነግራችሁ የፈረስ ጉልበት ባሕር ጠለል ላይ የተለካ ነው። ቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ላንጋኖና ቆቃ ላይ 16 በመቶ፣ ቢሾፍቱ ላይ 18 በመቶ ገደማ ይሆናል። ባለ 15 የገዛ ሰው የሚነዳው ባለ 12 ተኩል ነው። አራት ሰው፣ ምሳ ዕቃና ቤንዚን ጭኖ አፍንጫው ሰማይ ሰማይ የሚያይ ጀልባ ያየ ይረዳኛል። የጀልባው አካል ላይ የተጻፈው የሞተር ጣሪያ ከፈቀደ 20 ግዙ። ቀጥሎ ፕሮፔለሩን ለውጡ፤ ፒቹ (ፕሮፔለሩ አንዴ ሲዞር ወደፊት የሚሄድበት ርቀት) አንድ ኢንች ሲቀንስ የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ያህል ይጨምራል። ጋዙ እስከ መጨረሻ ተሰጥቶ አምራቹ የጻፈው ዙር ላይ የማይደርስ ሞተር ሁልጊዜ እንደታነቀ ይሠራል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

ባለ ሁለት ምት ወይስ ባለ አራት? ባለ ሁለት ምቱ ቀላል ነው፤ ባለ 15ቱ 40 ኪሎ አይሞላም፣ ዓሣ አስጋሪዎች ዘንድ የተለመደ ስለሆነ ዝዋይ ላይ የሚያውቀው መካኒክ ይገኛል። ግን ዘይት ከቤንዚን ጋር ይቀላቀላል፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሊትር ዘይት ለ50 ሊትር። ቤንዚንም አብዝቶ ይበላል፤ ጭሱና ጩኸቱ ትንሽ ልጅ ላለው ቤተሰብ አይመከርም። ባለ አራት ምት ባለ 20ው ከ45 እስከ 55 ኪሎ ይመዝናል፣ በሙሉ ጋዝ በሰዓት 7 እስከ 8 ሊትር ገደማ ይወስዳል፣ ዘይቱም እንደ መኪና በጊዜው ይለወጣል። ከተገኘ ደግሞ ካርቡራተር ያለውን ትታችሁ ቤንዚን በኤሌክትሮኒክ የሚረጨውን ያዙ። ካርቡራተር በስስ አየር ቤንዚን ይበዛበትና ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላ ያጠቁራል። የሚረጨው ድብልቁን ራሱ ያስተካክላል፤ የጠፋውን ጉልበት ግን እሱም አይመልስም።

ከፍታ የማይነካው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ባቦጋያ ብቻ ለሚሄዱ ሰዎች ቤንዚን እንዲገዙ አልመክርም። ትንሹ ባለ 12 ቮልት ሞተር በሙሉ ኃይሉ 50 አምፔር ይስባል፤ 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ሊቲየም ባትሪ ወደ ሁለት ሰዓት ያስኬደዋል፣ ቀስ ብሎ ለነዳው ከዚያም በላይ። የመኪና ባትሪ አታስቡ፤ እስከ ሥሩ ሲጠባ ይሞታል። ዝዋይና ላንጋኖ ላይ ግን ይህ ትንሽ ሞተር ከሰዓቱ ንፋስ ጋር መታገል አይችልም። ሐይቁ ሲሰፋ ቤንዚን ይሻላል፣ እሱም ሲሶው ለመሄጃ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ ሲሶው ለመጠባበቂያ ተብሎ ይቀዳል።

ሞተር ስታዩ ከኋላው በቀጭኑ የሚፈስሰውን ውሃ ማየት አትርሱ። ማቀዝቀዣ ፖምፓው ውስጥ ያለው ጎማ በላንጋኖና በቆቃ ደለል ቶሎ ያልቃል። ያ ውሃ ከቀጠነ ወይም ከቆመ ሞተሩን ወዲያው አጥፉ።

ገንዘብ የማይቆጠብበት

የልጅ ላይፍ ጃኬት በዕድሜ ሳይሆን በኪሎ ነው የሚመረጥ። አንገት የሚደግፍ፣ በእግር መሃል የሚታሰር ማሰሪያ ያለው ይሁን። ሲገዛ ልጁን አልብሳችሁ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ አንሡት፤ ጃኬቱ ወደ ጆሮው ከሸሸ ያ ጃኬት የእሱ አይደለም። ብዙዎቻችን ዋና አናውቅም፣ የቢሾፍቱ ሐይቆች ደግሞ ከዳር ሁለት እርምጃ ሲርቁ ገደል ናቸው። ስለዚህ እኛ ጋ ጃኬት የሚለበሰው ገና ከመኪና ሲወረድ ነው፣ አባትም እናትም ጭምር። የሚነዳውም ሰው የሞተሩን ማጥፊያ ገመድ እጁ ላይ ያስር።

መልሕቅ ስትገዙ ገመዱን በሐይቁ ለኩ። ገመድ ከጥልቀቱ አምስት እስከ ሰባት እጥፍ መሆን አለበት። ዝዋይ ላይ 30 ሜትር ይበቃል፤ ባቦጋያ መሃል ላይ መልሕቅ ከንቱ ነው፣ ዳር ካለ ዛፍ እሰሩ።

ተሳቢውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ ከፍጥነት መንገድ ወርዶ የጋለ ኩሽኔታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በቀጥታ ሲነከር ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ግራሶውም ይበላሻል። ሐይቅ ስትደርሱ 20 ደቂቃ ያህል አቁሙት። እኛ በዚያ ጊዜ ቡና እናፈላለን፣ ልጆቹም ጃኬታቸውን ያጠባብቃሉ።