ኮፒየር ወይስ ፍላሽ ካርት? ሴጋና ሱፐር ኒንቴንዶ ላላችሁ

ሰሞኑን ስለ ድሮዎቹ የቲቪ ጌም ማሽኖች፣ ስለ ሴጋ (ሜጋ ድራይቭ) እና ስለ ሱፐር ኒንቴንዶ፣ ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። "ሴጋ አግኝቻለሁ፣ ካሴት ግን የለኝም፣ ምን ልግዛ?" አንዱ ውጭ ያለ አጎቱ ሱፐር ኒንቴንዶ ልኮለታል። ሌላው ከቆራሌው ተከራክሮ ሴጋ በርካሽ አውጥቷል። አዳማ ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ የምንነካካ ሰዎች ብዙ ስላልሆንን ሁሉም እኔ ጋ ይደውላል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ለሚጠይቀኝ ልላክለት ብዬ ነው።

መልሱን አላጓጓችሁም። ፍላሽ ካርት (ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል ካሴት) ግዙ፣ ኦሪጅናሉን። ብሩ ካልሞላ ጠብቁ እንጂ ፎርጅዱን እንዳትነኩት። ኮፒየር ደግሞ ሰብሳቢ ካልሆናችሁ በቀር ይቅርባችሁ።

ኮፒየር የምንለው በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ታይዋንና ሆንግ ኮንግ ውስጥ ይሠራ የነበረ ሳጥን ነው። የጌሙ ካሴት የሚገባበት ቦታ ላይ ይሰካል፣ ካሴቱ ደግሞ እሱ ላይ ይሰካል። ካሴቱን አንብቦ ወደ ፍሎፒ ይገለብጣል፣ በኋላ ካሴቱ ባይኖርም ከፍሎፒው ያጫውታል። ሱፐር ማጂኮም፣ ሱፐር ዋይልድ ካርድ፣ ጌም ዶክተር፣ ለሴጋ ደግሞ ሱፐር ማጂክ ድራይቭ የታወቁት ናቸው። ዛሬ ኢሙሌተር (የድሮ ጌም ኮምፒውተር ላይ የሚያጫውት ፕሮግራም) ላይ የምትከፍቱት የሱፐር ኒንቴንዶ ፋይል መጨረሻው ላይ ኤስኤምሲ የሚለው ከዚያው ከሱፐር ማጂኮም የቀረ ነው። ታሪክ አለው፣ አልክድም። መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥም ያምራል።

ለመጫወት ግን ራስ ምታት ነው። ፍሎፒ የሚይዘው 1.44 ሜጋባይት ነው። ክሮኖ ትሪገር 4 ሜጋባይት ነው፣ ስለዚህ 3 ፍሎፒ ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ትከታላችሁ፣ ክርርር ይላል፣ ትጠብቃላችሁ፣ ሁለተኛውን አምጡ ይላል፣ ደግሞ ትጠብቃላችሁ፣ ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ ማንበብ አቃተኝ ይላል። ከተሳካም ጌሙ የሚቀመጠው ራም ላይ ብቻ ነው። መብራት ብልጭ ካለ ሁሉም ብን ብሎ ይጠፋል፣ እንደገና ከአንደኛው ፍሎፒ። እኛ አገር መብራት መቼ እንደሚሄድ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

አዳማ ደግሞ ነፋስና አቧራ የማይለያት ከተማ ናት። የነፋስ ኃይል ማመንጫው ያለ ምክንያት እዚህ አልተተከለም። ያ አቧራ ድራይቩ ውስጥ ገብቶ የማንበቢያውን ራስ ይሸፍነዋል፣ ከዚያ ያው የማንበቢያ ራስ ፍሎፒውን ይፍቀዋል። አዲስ ፍሎፒ ልግዛ ብትሉ ሶኒ ራሱ መሸጥ ያቆመው በ2011 በፈረንጆቹ ነው። አሁን የምታገኙት ሁሉ የከረመ ዕቃ ነው፣ ከአንድ ፓኮ ውስጥ ስንቱ እንደሚሠራ በዕድል ነው።

"ፍሎፒ ድራይቩን አውጥቼ ፍላሽ የሚቀበል ነገር ብተካስ?" የሚሉኝ አሉ። አለ፣ ጎቴክ ይባላል፣ ከ20 እስከ 30 ዶላር ነው። ግን በሁሉም ኮፒየር ላይ ዝም ብሎ ገጥሞ አይሠራም፣ ሶፍትዌሩን መቀየር፣ ጃምፐር ማስተካከል ይመጣል። ደግሞ አስቡት፣ አሮጌ ኮፒየር በውድ ገዝታችሁ እንደ ፍላሽ ካርት እንዲሠራ ሌላ ገንዘብ ልታወጡበት ነው። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ኮፒየር ሁሉንም ጌም አያጫውትም። ሱፐር ማሪዮ ካርት ካሴቱ ውስጥ ዲኤስፒ የሚባል ተጨማሪ ቺፕ አለ፣ ስታር ፎክስ ውስጥ ሱፐር ኤፍኤክስ። ኮፒየሩ የሚገለብጠው ፋይሉን ነው፣ ቺፑን ከየት ያመጣዋል? አንዳንድ ጌሞች ደግሞ በኮፒየር እየተጫወታችሁ መሆኑን ያውቃሉ። ኧርዝባውንድ የሴቭ ሚሞሪውን መጠን ይመለከትና፣ ከሚገባው በላይ ሆኖ ካገኘው ማስጠንቀቂያ አሳይቶ ይቆማል። ያንን ፍተሻ ብታልፉት ደግሞ ጠላት ያበዛባችኋል። በዚያም ችላችሁ መጨረሻው ፍልሚያ ላይ ከደረሳችሁ ቀጥ ብሎ ይቆምና ሴቫችሁን ሁሉ ያጠፋዋል። ሠሪዎቹ ቂማቸውን እንዲህ ነው የተወጡት።

ዋጋውስ? የሚሠራ ኮፒየር ኢቤይ ላይ ከ100 ዶላር በታች ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ፣ ያውም ማጓጓዣው ሳይጨመር። ዕቃው ከባድ ስለሆነ ማጓጓዣው ቀላል አይደለም። ከ30 ዓመት በላይ የቆየ ነውና ኮንደንሰሮቹም አፍስሰው ሊመጡ ይችላሉ። ምናለሽ ተራ ብትዞሩ አልፎ አልፎ ምንነቱ ለሻጩም ያልገባ ሳጥን ታገኙ ይሆናል፣ ያኔ በርካሽ ከሆነ ውሰዱት፣ ለእኔም ደውሉልኝ።

አሁን ወደ ፍላሽ ካርት። ካሴት የሚመስል ነገር ነው፣ ሚሞሪ ካርድ ይቀበላል፣ ጌሙን ከዝርዝር ትመርጣላችሁ፣ በሰኮንዶች ይነሳል። አለቀ። ስሙ የገነነው ኤቨርድራይቭ ነው፣ ክሪክዝ በሚል ስም የሚታወቀው ዩክሬናዊ የሚሠራው።

ዋጋው ላይ ግን በደንብ እንነጋገር፣ ምክንያቱም ሁሉም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሴጋ ካላችሁ ውዱን አትግዙ። ሴጋ ላይ በካሴቱ ውስጥ ልዩ ማቀነባበሪያ ቺፕ ይዞ የወጣው ቨርቹዋ ሬሲንግ ብቻ ነው። ስለዚህ ርካሹ ኦሪጅናል፣ ከ50 እስከ 80 ዶላር ያለው፣ ይበቃችኋል። 60 ዶላር ብንል፣ ዶላርን በ150 ብር ስናሰላው 9,000 ብር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረ ጊዜ ይኸው ዕቃ 3,420 ብር ነበር። ያኔ "ውድ ነው" ብለው የተዉ ጓደኞቼን አሁን አላነሳባቸውም።

ሱፐር ኒንቴንዶ ካላችሁ ነገሩ ይከብዳል። ርካሾቹ ፍላሽ ካርቶች ስታር ፎክስን አይነኩም፣ ኤስኤ-1 ቺፕ ያላቸውን እነ ሱፐር ማሪዮ አርፒጂንም እንዲሁ። እነዚህን ከፈለጋችሁ ኤፍኤክስፓክ ፕሮ ነው፣ ውስጡ ያለው ኤፍፒጂኤ (እንደ ሌላ ቺፕ እንዲሠራ የሚዋቀር ቺፕ) የካሴቶቹን ልዩ ቺፖች ራሱ ተክቶ ይሠራል። እሱ ግን 200 ዶላር አካባቢ ነው፣ በ150 ሂሳብ 30,000 ብር። በፖስታ ካስመጣችሁ ማጓጓዣ አለ፣ ቀረጥ አለ፣ በላዩ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ጠብቁ። ኪስ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው፣ ማንንም አያስቸግርም። 30,000 ብር ለጥቂት ጌም አላወጣም የሚል ሰው ደግሞ ልክ ነው፣ ርካሹን ይግዛና እነዚያን ጌሞች ላፕቶፕ ላይ በኢሙሌተር ይጫወት።

ፎርጅዱ 30 ዶላር ገደማ ነው፣ 4,500 ብር። ብዙ ሰው የሚበላው በዚህ ነው። አንድ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ለሴጋ በ6,000 ብር ገዛ። ሻጩ ዓይኑን በጨው አጥቦ "ወንድሜ፣ ኦሪጅናል ነው፣ ከዱባይ ነው የመጣው" አለው። ለተወሰነ ጊዜ አሪፍ ሠራ። ከዚያ ሥዕሉ መቆራረጥ ጀመረ፣ አንዳንዴ ጭራሽ አይነሳም፣ ኋላ ላይ የራሱን የሴጋ ካሴት ስንሰካበትም ማሽኑ ጥቁር ስክሪን ብቻ ሆነ።

ፖስታ ቤት አካባቢ ወዳለ አንድ ጠጋኝ ይዘነው ሄድን። ጋሼ ፍላሽ ካርቱን ፈቱና ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱት። "ልጄ፣ ይሄን በመጋዝ ነው እንዴ የቆረጡት?" አሉ። እውነታቸውን ነው። የኦሪጅናል ካርድ ጫፉ በሁለቱም በኩል ሰያፍ ተደርጎ ይሞረዳል፣ ማሽኑ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ሽቦዎች ሳይጎዳ ተንሸራቶ እንዲገባ። ይሄኛው ቀጥ ያለ፣ ሸካራ፣ ካርዱም ወፈር ያለ ነበር። ማሽኑን ስንከፍተው ሁለት ፒን ወደ ኋላ ታጥፏል።

ፒን እንኳ በትዕግሥት ይቀናል። የከፋው ቮልቴጁ ነው። ሴጋም ሱፐር ኒንቴንዶም በ5 ቮልት ይሠራሉ፣ የዛሬ ሚሞሪ ቺፖች ግን በ3.3። ኦሪጅናሉ መሃል ላይ ቮልቴጁን የሚያስማሙ ትንንሽ ቺፖች ያስቀምጣል። ብዙ ፎርጅዶች እነዚያን ጥቂት ሳንቲሞች ለመቆጠብ ይዘሏቸዋል። ሲገዛ ይሠራል፣ ማንም አይጠረጥርም። ውስጥ ውስጡን ግን ቺፑም ማሽኑም ከአቅማቸው በላይ እየተጫኑ ይኖራሉ። ጋሼ ፒኖቹን አቀኑ፣ ማሽኑ ግን አልተነሳም። ለ6,000 ብር ዕቃ ሲባል ሴጋው ሄደ። በዚያ ላይ የጥገና ሂሳብ። ትንሽ ጨምሮ በ9,000 ኦሪጅናል መግዛት ይችል ነበር፣ ይሄንን ስነግረው አሁንም ይናደዳል።

ልትገዙ ስትሄዱ ሽፋኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አትመኑ፣ ተለጣፊ ማንም ያትማል። ካርዱን ከታች አዙራችሁ ጫፉን እዩ። ሰያፍ ነው ወይስ ቀጥ ያለ? የሻጩን ቲቪና ማሽን ብቻ አይታችሁ ብር አትቁጠሩ፣ የራሳችሁን ማሽን ይዛችሁ ሂዱ። ጌም አስነሱ፣ ሴቭ አድርጉ፣ አጥፉ፣ እንደገና አብሩና ሴቩ መኖሩን እዩ። አንዳንድ ርካሽ ሞዴሎች ኦሪጅናል ሆነውም ከማጥፋታችሁ በፊት ሪሴት ካልተጫነ ሴቩን ሚሞሪ ካርዱ ላይ አይጽፉም፣ ይህንን ካላወቃችሁ ዕቃው የተበላሸ ይመስላችኋል። ፎርጅድ የገዛችሁ ካላችሁ ደግሞ ሶፍትዌሩን አፕዴት ላድርግ እንዳትሉ፣ በዚያው ሊሞት ይችላል።

ሚሞሪ ካርዱም ሌላ ጣጣ ነው። "64 ጊጋ" ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ሲፈተሽ 8 ጊጋ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ ከዚያ በላይ የጻፋችሁት ፋይል ይበላሻል፣ እናንተ ግን ፍላሽ ካርቱን ትረግማላችሁ። ለሴጋና ለሱፐር ኒንቴንዶ 8 ጊጋ ከበቂ በላይ ነው። ከታመነ ቤት ትንሽ መጠን ያለው ኦሪጅናል ግዙ፣ ኮምፒውተር ላይ ኤች ቱ ቴስት ደብሊው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፈትሹት፣ በፋት 32 ፎርማት አድርጉት።

ያ በየሰፈሩ የነበረው፣ ማሪዮ የምንጫወትበት ጌምስ? አብዛኛው የፋሚኮም (የኒንቴንዶ የጃፓን ማሽን) ኮፒ ነው፣ ካሴቱ 60 ፒን ነው፣ ኔስ የሚባለው የአሜሪካው ኦሪጅናል ግን 72። ኤቨርድራይቭ ለሁለቱም ይሠራል፣ ግን እነዚህ ኮፒ ማሽኖች ውስጣቸው የተለያየ ስለሆነ ድምፁ የሚዛባበት፣ አንዳንድ ጌም የማይነሳበት አለ። የማሽኑን ዋጋ ብዙ እጥፍ ካርት ላይ አታውጡ። ብዙ ጌም የያዘ ካሴት ፈልጋችሁ ተጫወቱ።

ለኮፒየር አንድ ነገር ልተውለት። የራሳችሁን ካሴት ወደ ፋይል መገልበጥ ከፈለጋችሁ ተራ ፍላሽ ካርት አይጠቅማችሁም፣ ኮፒየሩ ግን ሥራው ያ ነው። ለዚህም ቢሆን ዛሬ ካሴቱን አንብበው በቀጥታ ሚሞሪ ካርድ ላይ የሚጽፉ፣ ዲዛይናቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ አዳዲስ ማንበቢያዎች አሉ። ሶልደር የሚችል ሰው ዕቃዎቹን አስመጥቶ ራሱ ይገጥመዋል። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል የምትማሩ ልጆች፣ አንዱን ብትሠሩ ካሴቶቼን ይዤ እመጣለሁ፣ ቡናውም በእኔ ነው።