የተገጨው ኤም3 ወይስ «ያልተነካካው»? ጎን ለጎን ያየናቸው ሁለት መኪኖች

የአጎቴ ልጅ ሁለት መኪና መሃል ቆሞ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ሁለቱም ቢኤምደብሊው ኤም3 ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2006 የተሠራው፣ ኢ46 የሚባለው። አንዱ ሰማያዊ ነው። ባህር ዳር ነው ያለው፤ ባለቤቱ ከውጭ ሲመለስ ይዞት የመጣ። ሌላው ብርማ ነው፤ ደላላው ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ድረስ አመጣልን። ሰማያዊው ተገጭቷል። ባለቤቱ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ነው የነገረን። ብርማው «ያልተነካካ፣ ኦሪጅናል ቀለም» ተባለ። ዋጋቸው ደግሞ ሰፊ ልዩነት አለው፤ ሰማያዊው ሩቡን ያህል ይረክሳል።

ዘመዱ ሁሉ አንድ ቃል ሆነ። «የተገጨ መኪና እንዳትገዛ!» አለው። እኔ ግን እንዲህ በደፈናው መናገር አልወድም። አባቴ የባትላሜራ ባለሙያ ነበር፤ ያደግሁት በመዶሻ ድምፅና በስቱኮ (የላሜራ ጉድጓድ መሙያ ሊጥ) ሽታ መሃል ነው። የተገጨ ሁሉ እኩል እንዳልተጎዳ ያየሁት እዚያ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም አብረን አየናቸው፤ ያየነውን እንዳለ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን ይህ መኪና ለምን እንዲህ እንደሚፈለግ። 3.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ነው። 343 የፈረስ ጉልበት አለው፤ በደቂቃ እስከ 8,000 ዙር ይጮኻል። ከእሱ በኋላ የመጣው ኤም3 ስምንት ሲሊንደር ሆነ፣ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ተርቦ ገባለት። ተርቦ የሌለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ኤም3 በኢ46 አበቃ፤ ሰብሳቢዎች የሚይዙትም ለዚህ ነው። እርግጥ ባህር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ እንዲህ ያለ ሞተር እዚህ ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም። ድምፁ ግን ያው ነው፤ እኔ ለድምፁ ብቻ እገዛው ነበር። በዚያ ላይ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ተከልክሏል። አገር ውስጥ ያለው ያለው ነው።

አሁን ወደ ግጭቱ። እኔ የማየው ነገር አንድ ነው፤ የተመታው ክፍል በብሎን የታሰረ ነው ወይስ የተበየደ? ፓራውልት (የፊትና የኋላ መከላከያው)፣ የፊት ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው የጎን ላሜራ)፣ ኮፈን፣ በር፣ መብራት፣ ራዲያተር፤ እነዚህ በብሎን የሚታሰሩ ናቸው። ተፈተው ሌላ ይገባል፤ በደንብ ከተቀቡ መኪናው አካሄዱም ጥንካሬውም አይለወጥም። የኋላ ጎን ላሜራ፣ ወለሉ፣ የበር ምሰሶዎች፣ ጣሪያው፣ ከፊት ሞተሩን ግራና ቀኝ የያዙት ሁለቱ ወፍራም ብረቶች ግን ከአካሉ ጋር የተበየዱ ናቸው። እንዲህ ያለ መኪና እንደ ጭነት መኪና ለብቻው ሻንሲ የለውም፤ አካሉ ራሱ ሻንሲው ነው። እነዚህ ከተጣመሙ ጎማዎቹ የሚቆሙበት ቦታ ይዛባል። በካርቦን እሳት አሙቆ ማቅናትም ሌላ ጣጣ አለው፤ ጠንካራው ብረት በሙቀት ጥንካሬው ይለቀዋል። ከውጭ ሲታይ ቀጥ ብሏል፤ ሁለተኛ ሲመታ ግን እንደ መጀመሪያው አይከላከልም።

ሰማያዊውን በዚህ ዓይን እንየው። ባለቤቱ ወፍራም ማኅደር አወጣ። ከግጭቱ ማግስት የተነሱ ፎቶዎች አሉበት፤ ከዚያ የተፈታበት፣ ከዚያ የተገጣጠመበት፣ የመለዋወጫው ደረሰኝ ከነቁጥሩ። የተመታው የፊት ግራው ነው፤ ፓራፋንጎ፣ መብራት፣ ፓራውልት፣ ራዲያተርና ራዲያተሩን የሚይዘው ክፍል። ኤርባጉ አልፈነዳም። የተቀየረው ፓራፋንጎ የራሱ የኤም3 ነው። ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የኤም3 ፓራፋንጎ ከተራው ኢ46 ይሰፋል፣ ጎኑ ላይም የአየር መውጫ አለው። የተራውን አምጥቶ ልግጠም ቢባል አይሆንም፤ ስለዚህ እዚህ አገር ሆኖ ቢጋጭ ዕቃው ከየት ይመጣል የሚለው ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው።

የቀለም ውፍረት መለኪያ ይዘን ነበር። ፋብሪካ የቀባው ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) አካባቢ ነው። የሰማያዊው በር 130፣ ጣሪያው 115፣ የተቀየረው ፓራፋንጎ 240። ማለትም በድጋሚ ተቀብቷል፤ ስቱኮ ግን የለውም። ስቱኮ ቢኖር ቁጥሩ 500ን አልፎ ይሄድ ነበር። ከዚያ ኮፈኑን ከፍተን የፊቱን ብረቶች በባትሪ እያበራን አየናቸው። መገጣጠሚያው ላይ ፋብሪካ የቀባው ማሸጊያ ሳይሰነጠቅ እንዳለ ነው። የብሎኖቹ ራስ ላይ ብቻ የቁልፍ ጭረት አለ፤ ፓራፋንጎው ተፈትቶ ስለነበር ያ የሚጠበቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ሊያስደነግጠን ነበር። ጎረቤት ነው፣ ለመርዳት ብሎ ማግኔት ይዞ መጣ። በሩ ላይ ለጠፈ፣ ያዘ። ኮፈኑ ላይ ሲያደርገው ተንሸራቶ ወደቀ። «ይሄ ሁሉ ስቱኮ ነው!» አለ፤ የአጎቴ ልጅ ፊቱ ተለወጠ። ስቱኮ አልነበረም። የኢ46 ኤም3 ኮፈን ከፋብሪካው አልሙኒየም ነው፤ ማግኔት አይዘውም። እንዲያውም ቢይዘው ነው መጠርጠር የነበረብን፤ ኮፈኑ ተቀይሯል ማለት ነውና። ማግኔት ይዛችሁ የምትሄዱ ሰዎች የመኪናችሁ የትኛው ክፍል ከምን እንደተሠራ አስቀድማችሁ እወቁ። ሆንዳ ኤንኤስኤክስ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲወጣ አካሉ በሙሉ አልሙኒየም ነው፤ እሱ ላይ ማግኔት ምንም አይነግራችሁም።

ብርማው ደግሞ ፏ ብሎ ታጥቦ ጠበቀን። በዓይን ሲታይ ከሰማያዊው ያምራል፤ ልክዳችሁ አልችልም። ጣሪያው 120፣ በሮቹ 125። የቀኝ የኋላ ጎን ላይ ስንደርስ መለኪያው 900 አለ። ትንሽ ፈቀቅ ብለን ደገምነው፣ 1,100። አባቴ አብሮን ነበር፤ እጁ አሁንም ያውቃል። መዳፉን በስስ ጨርቅ ሸፍኖ ላሜራውን ቀስ ብሎ ዳበሰው። ጨርቁ የቆዳውን ላብ ያስቀረዋል፣ መዳፉም ሳይያዝ ስለሚንሸራተት ትንሿ ሞገድ ሳትቀር ትሰማለች። ከጎማው በላይ ሲደርስ ቆመ። «ልጄ፣ ምንጣፉን አንሳው» አለኝ።

የኋላውን ዕቃ መጫኛ ምንጣፍ አነሳነው። ወለሉ ላይ ከታጠፈ በኋላ የተቃና ላሜራ የሚተወው ሽብሽብ አለ። ማሸጊያው በጣት የተቀባ ነው፤ የጣቱ መስመር እንኳን ይታያል። ፋብሪካው በእኩል ርቀት ነጥብ ነጥብ አድርጎ የሚበይደው ቦታ ላይ ረጅም የብየዳ ጅማት ተጋድሟል። ደላላው ያን ጊዜ ነው «ትንሽ ከኋላ ተነክቶ ነበር መሰለኝ» ያለው። በጣም አዘንኩ፣ በመኪናው ሳይሆን በአነጋገሩ። ቀድሞ ቢናገር ዋጋ ላይ እንነጋገር ነበር፤ አሁን ምን ሌላ ነገር እንደደበቀ ማወቂያ የለንም።

ለማንኛውም ወደ ደጀን ነዳነው። መንገዱ ቀጥ ባለበት ቦታ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ መሪው ግን ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ነው የሚቀመጠው። ከኋላ በሌላ መኪና የተከተለን ጓደኛችን «ጎኑን ሰጥቶ ነው የሚሄደው» አለ። የኋላ ጎማዎቹ የውስጥ ጠርዝ ተበልቷል። እነዚህ ምልክቶች አንድ ላይ ሲመጡ የኋላው ጎማ አቅጣጫ ከአካሉ ጋር አልተስማማም ማለት ነው፤ አካሉ ከተዛባ ደግሞ የፊቱን አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ) ብቻ ማስተካከል አያድነውም። ይህን መኪና ይዞ ዓባይ በረሃን መውረድ አስቡት። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ኩርባው አያልቅም፣ ፍሬኑ ይግላል። እዚያ ላይ ጎኑን ሰጥቶ የሚሄድ መኪና አልፈልግም፤ ለአጎቴ ልጅ ደግሞ ጭራሽ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ብሎንና ብየዳ ያልኩትን የሚያፈርስ ነው። ኢ46 ያልተገጨም ቢሆን የታወቀ ችግር አለው። የኋላውን አክስል የሚሸከመው ክፍል ከወለሉ ጋር የሚታሰርበት ቦታ ከጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል። ምክንያቱ ግጭት አይደለም፤ ሞተሩ ሲገፋና ፍሬን ሲያዝ የሚመላለሰው ጫና ነው። በኛ መንገድ፣ በጉድጓዱ፣ ምን እንደሚደርስበት መገመት ነው። ስለዚህ «አንድም ቀን አልተገጨም» የተባለ መኪና ከሥር ወለሉ የተቀደደ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊውን በክሪክ አንስተን ስናየው ማጠናከሪያ ብረት ተበይዶለታል፤ ማኅደሩ ውስጥ ከነፎቶው አለ። ይህ ብየዳ ለእኔ ዋጋ የሚጨምር ነው። ብርማው አልተሠራለትም፤ አንደኛው ማሰሪያ ጥግ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አየሁ።

«እንግዲያው ግጭት ዋጋ አይቀንስም ማለት ነው?» የሚል አይጠፋም። ይቀንሳል። የሚቀንሰው መጠን ግን እንደ መኪናው ነው። ሚስተር ቢንን የሚጫወተው ሮዋን አትኪንሰን ማክላረን ኤፍ1 ነበረው፤ በጠቅላላው 106 ብቻ የተሠራ መኪና። እ.ኤ.አ. በ2011 ከዛፍ ጋር አጋጭቶት መኪናው ክፉኛ ተሰባበረ፤ ኢንሹራንስ ለጥገናው 910,000 ፓውንድ አካባቢ ከፈለ። ያ መኪና በ2015 በ8 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ፤ በ1997 ከገዛበት ከአሥር እጥፍ በላይ። ጥገናውን የሠራው ማክላረን ራሱ ነው፤ ምን እንደተሠራ ይታወቃል፣ ምትክ መኪና ደግሞ የለም። ኤም3 እንዲህ አይደለም። በአስር ሺዎች ተሠርቷል፤ ጀርመን ያለ ገዢ የተገጨውን ትቶ ያልተገጨውን ይፈልጋል። እዚህ አገር ግን የሚመረጥበት ገበያ የለም ማለት ይቻላል፤ ገዢው በመኪናው ሁኔታና በመለዋወጫው ነው የሚፈርደው።

ስለዚህ ለማን የትኛው? መኪናውን ቆልፎ አሥር ዓመት አስቀምጦ ሊሸጥ የሚያስብ ሰው በእውነት ያልተነካካ ይፈልግ፣ ጨምሮም ይክፈል። ኦሪጅናል ቀለም አንድ ጊዜ ከሄደ አይመለስም፣ ሰብሳቢ የሚከፍለውም ለእሱ ነው። «በእውነት» ያልኩት ግን በመለኪያና በባትሪ የተረጋገጠውን ነው። በየሳምንቱ ወጥቶ ሊነዳው የሚፈልግ፣ እንደ አጎቴ ልጅ ያለ ሰው፣ በብሎን የሚታሰረው ብቻ ተመትቶ በሰነድ የተጠገነ ቢገዛ ደስ ይለኛል። በረከሰው ብር ጎማ፣ ፍሬንና ሰርቪስ ይሠራበታል። ጠጠር ሲመታው እንኳን ልቡ አይሰበርም። ሲሸጠው ግን እሱም አርክሶ እንደሚሸጥ ከወዲሁ ይወቅ፤ የገዛበት ቅናሽ ሲሸጥም ይከተለዋል። የተገለበጠ፣ ምሰሶው የተነካ፣ ወይም ኤርባጉ ፈንድቶ ማን እንደተካው የማይታወቅ ከሆነ በነፃ ቢሰጡኝም አልነዳውም። ቁልፉን ስታዞሩ የኤርባጉ መብራት መጀመሪያ በርቶ ከዚያ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አንድ ሰው ነካክቶታል።

ሊብሬው ላይ አትተማመኑ፤ የግጭት ታሪክ አይጽፍም። መኪናው አሜሪካ ነድቶ የመጣ ከሆነ ባለ 17 ፊደልና ቁጥሩን የሻንሲ ቁጥር አስገብታችሁ ታሪኩን በክፍያ ማየት ትችላላችሁ። ንጹሕ ነው ቢል ግን ያልተመዘገበ ግጭት ሊኖር ይችላል፤ መለኪያውን ይዛችሁ ሂዱ። ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ደግሞ የእናንተን መኪና አይጠግንም። ሙሉ ዋስትና ስትገቡ የድሮውን ግጭት አትደብቁ፣ መኪናውን ከአራቱም ጎን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ።

የአጎቴ ልጅ ሰማያዊውን ገዛ። ባለቤቱ ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት ማኅደሩን አስቀደመ፤ የጎደለ ደረሰኝ እንዳለ አንድ በአንድ አብረው ቆጠሩት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ጨምሮበታል፦ የአላይመንቱን ወረቀትና እኛ የለካነውን የቀለም ቁጥር፣ በአባቴ የእጅ ጽሑፍ። ፓራፋንጎው፣ 240። ስቱኮ የለም።