ለቤትዎ የኔትወርክ ገመድ፦ ካት 5ኢ፣ ካት 6፣ ካት 6ኤ ወይስ «ካት 7»?

ቤት የሚያሠራ ሰው ስለ ሴራሚክና ስለ በር ቀለም ብዙ ይመክራል፤ የኔትወርክ ገመድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትዝ የሚለው ልስኑ ካለቀ በኋላ ነው። ያኔ ያለው ምርጫ ያማረውን ግድግዳ መቦርቦር ወይም ገመዱን በግድግዳው ላይ ማስሄድ ብቻ ነው። ስለዚህ ይህን ንጽጽር በዋናነት የጻፍኩት ብሎኬት ደርድረው ጨርሰው ልስን ላልጀመሩ ሰዎች ነው። «ካት» የሚባለው የገመዱን ደረጃ የሚያሳይ ቁጥር ነው።

ዋይፋይ እያለ ገመድ ምን ይሠራል የሚል አይጠፋም። የእኛ አገር ቤት ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ኮንክሪት ነው። ፈጣኑ የ5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ አንድ ሁለት ግድግዳ ሲያልፍ ይደክማል፤ ራውተሩ ምድር ላይ ከሆነ ፎቅ ላይ ያለው መኝታ ቤት ጥራጊውን ነው የሚያገኘው። ቴሌቪዥን፣ የሥራ ኮምፒውተርና የጥበቃ ካሜራ በገመድ ሲሆኑ ግን ዋይፋዩ ለስልኮች ይለቀቃል፤ ሁሉም ይቀለዋል።

መጀመሪያ መዳቡ፣ ከዚያ ቁጥሩ

መርካቶ ወርደው «ካት 6 ስንት ነው?» ብለው ሁለት ሦስት ሱቅ ይጠይቁ። ሁለቱም 305 ሜትር፣ ሁለቱም ላይ ካት 6 ተብሎ የታተመ ካርቶን ሆኖ አንዱ ከሌላው በጣም ረክሶ ያገኙታል። ርካሹ ብዙ ጊዜ ሲሲኤ የሚባለው ነው፤ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ በስስ መዳብ የተለበጠ ሽቦ። በእኔ እምነት የገዢው ትልቁ ውሳኔ እዚህ ላይ ነው፤ የካት ቁጥር ከዚህ በኋላ ይመጣል።

አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ ያነሰ ነው። በእኩል ውፍረት ሲሲኤ ከንጹሕ መዳብ ይልቅ ሬዚስታንሱ (የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታው ነገር) ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ኮምፒውተር ብቻ የሚያገናኝ አጭር መስመር ላይ ልዩነቱ ላይታይ ይችላል። ኃይሉን በዚያው በኔትወርክ ገመድ የሚያገኝ ካሜራ ላይ ግን ይታያል፤ ቀን ደህና የዋለው ካሜራ ማታ የኢንፍራሬድ መብራቱ ሲበራ ኃይል ያንሰውና ጠፍቶ ይነሳል። ባለቤቱ ካሜራውን ይለውጣል፣ ችግሩ ግን ግድግዳው ውስጥ ነው። ሽቦውም ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል። የካት 5ኢ እና የካት 6 ዓለም አቀፍ ስታንዳርዶች የሚጠይቁት መዳብ ስለሆነ፣ ሲሲኤ ላይ የታተመው ቁጥር ዋጋ የለውም።

መለየቱ ቀላል ነው። ባለሱቁ ከገመዱ ጫፍ አንድ ጣት ያህል ቆርጦ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ከስምንቱ ሽቦ አንዱን ፕላስቲኩን ገፈው መዳቡን በምላጭ ፋቅ ፋቅ ያድርጉት። ውስጡ ነጭ ሆኖ ካበራ አሉሚኒየም ነው፤ እስከ መሃሉ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ካርቶኑንም አንሥተው ይመዝኑት፤ የመዳቡ በግልጽ ይከብዳል። «ኧረ ኦሪጅናል ነው፣ ምን ያስፍቃል!» ካለዎት ወደሚቀጥለው ሱቅ ይለፉ። በጀቱ ካጠረ ንጹሕ መዳብ የሆነ ካት 5ኢ ከሲሲኤ «ካት 6» እጅግ ይሻላል።

ቁጥሮቹ ምን ይለያሉ?

ካት 5ኢ እስከ 100 ሜትር ድረስ 1 ጊጋቢት በሰከንድ ያስኬዳል። በፈረንጆች 2016 በወጣው ስታንዳርድ ደግሞ 2.5 ጊጋቢትም ይችላል። ዛሬ ቤታችን ለሚገባው ኢንተርኔት ከበቂ በላይ ነው።

ካት 6 አብዛኛውን ጊዜ ሽቦው ትንሽ ወፈር ይላል፤ እስከ 55 ሜትር ገደማ 10 ጊጋቢት ይደርሳል። ጂ+1 ወይም ጂ+2 ቤት ውስጥ ከዚያ የሚረዝም መስመር ማግኘት ከባድ ነው። ግድግዳ ውስጥ ለዓመታት የሚቀመጥ ነገር ስለሆነ፣ ለአዲስ ቤት የእኔ ምርጫ ንጹሕ መዳብ ካት 6 ነው።

ካት 6ኤ 10 ጊጋቢትን ሙሉውን 100 ሜትር ይወስዳል። ግን ወፍራምና ግትር ነው፣ ቱቦ ውስጥ መጎተቱ ያታግላል፤ ፎይል የለበሰው ደግሞ በትክክል የተሠራ ኧርዝ ይፈልጋል። ለቢሮ ሕንፃ ይሆናል፤ ለመኖሪያ ቤት ግን ገንዘቡ ያስቆጫል።

«ካት 7» እያሉ በተለመደው የኔትወርክ መሰኪያ (አርጄ 45) ጫፍ የሚሸጡትን ይለፏቸው። የአሜሪካው ስታንዳርድ አውጪ ቲአይኤ ካት 7ን ጨርሶ አልተቀበለውም።

ከገመዱ ይልቅ ቱቦው

ገመዱ ነገ ሊቀየር ይችላል፤ ጠባብና የተጠማዘዘ ቱቦ ግን አይቀየርም። ለኔትወርክ ብቻ የሚሆን 25 ሚሊሜትር ኮንዲዩት ያስቀብሩ፣ በአንዱ ውስጥ ከሦስት ገመድ አይለፉ፣ መታጠፊያው ሰፋ ያለ ይሁን፣ ውስጡም መጎተቻ ሲባጎ ይቅር። ኤሌክትሪሺያኑ ቱቦ ለመቆጠብ ከ220 ቮልቱ ጋር አንድ ላይ ላስገባው ቢልዎት በፍጹም አይፍቀዱ፤ ለአደጋም ለብልሽትም በር ይከፍታል። ጎን ለጎን ሲሄዱ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ይራራቁ፤ መተላለፍ ካለባቸው በመስቀለኛ ይተላለፉ።

ሌላው በግልጽ መነገር ያለበት፣ የመብራት ሶኬት ከአንዱ ወደ አንዱ እየተቀጠለ ይሄዳል፤ የኔትወርክ ገመድ ግን እንደዚያ አይቀጠልም። ከየክፍሉ የሚነሣው እያንዳንዱ ገመድ ሳይቆረጥ ራውተሩና ስዊቹ (ኔትወርኩን ለብዙ ገመዶች የሚያከፋፍለው ዕቃ) ወደሚቀመጡበት አንድ ቦታ መድረስ አለበት። ኢንተርኔቱን ከውጭ የሚያመጣው ፋይበር የሚገባበት ቱቦም እዚያው ይድረስ።

ውጭ አገር ሆነው ቤት የሚያሠሩ ከሆነ፣ ልስን ከመጀመሩ በፊት የየግድግዳው ፎቶ ከነሜትሩ ተነሥቶ እንዲላክልዎ ያድርጉ። በኋላ ቱቦው የት እንዳለፈ የሚነግርዎ ይኸው ፎቶ ነው።

ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪስ

ግቢ አቋርጦ ለሚሄድ መስመር መዳብ አልመክርም። በክረምት መብረቅ አጠገብ ሲወድቅ የሚፈጠረው ግፊት በመዳቡ ገብቶ በሁለቱም ጫፍ ያለውን ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል። መረጃን በብርሃን የሚያስተላልፈው ፋይበር ይሻላል፤ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በሁለቱ ጫፍ ግን ከመዳብ ገመድ ጋር የሚያገናኘው ሚዲያ ኮንቨርተር ይፈልጋል። ግዴታ መዳብ ከሆነ ለውጭ የተሠራውን፣ ፀሐይ የሚችል ጥቁር ሽፋን ያለውን ይግዙ፣ በቱቦም ይቅበሩት።

ቤቱ ካለቀ

ኮንዶሚኒየም ከሆነ መጀመሪያ የድሮው የስልክ መስመር ቱቦ ገመድ ያሳልፍ እንደሆነ ይሞክሩ። ካልሆነ ሜሽ ዋይፋይ (እርስ በርስ ተያይዘው እንደ አንድ የሚሠሩ ማሰራጫዎች) የራውተሩን ሲግናል ብቻ ከሚያራዝመው ኤክስቴንደር ይሻላል፤ በመብራት መስመር የሚሠራው ፓወርላይን ግን ባለሦስት ፌዝ ቤት ውስጥ ሁለቱ ጫፎች የተለያየ ፌዝ ላይ ከዋሉ በጣም ይደክማል።

ሂሳብ ከመክፈልዎ በፊት

ባለሙያው በመብራት የምትቆጥረዋን ትንሿን ቴስተር ሰክቶ ስምንቱም በራ ቢልዎት በዚያ ብቻ አይርኩ፤ እሷ የምትነግርዎ ሽቦው መገናኘቱን ብቻ ነው። ጊጋቢት የሚችል ላፕቶፕና ስዊች ይዘው በየሶኬቱ ይሰኩና የግንኙነቱን ፍጥነት ይዩ። 1 ጊጋቢት ካለ ጥሩ ነው። 100 ሜጋቢት ላይ ከቆመ፣ ስምንቱ ሽቦ ሁለት ሁለት ተጠምዝዘው ከሚሠሩት ከአራቱ ጥንድ አንዱ አልያዘም ወይም ጫፉ ላይ ጥንዶቹ ከልክ በላይ ተፈተዋል ማለት ነው፤ ሰውየው ገና እዚያው ሳለ ጫፉን ቆርጦ እንደገና እንዲመታው ይንገሩት።